ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነበር፦ የእንጨት ጋራዥ በሬን እንዴት እንዳጠናከርሁት

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረበት አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሰፈራችን ጥበቃ የግቢውን በር በዱላው እየመታ ቀሰቀሰኝ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው የአባቴ ቤት ጋራዥ ውስጥ ያስገባኋት ኮሮላ ዲኤክስ ከጋራዡ ወጥታ፣ ቁልቁል በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ሠላሳ እርምጃ ያህል ተንሸራትታ፣ ከጎረቤት የድንጋይ አጥር ጋር ተጋጭታ ቆማ ነበር። ባትሪዋ፣ ሁለቱ ስፖኪዮዎቿ፣ ትርፍ ጎማዋና ቴፑ ተወስደዋል። ወደ ጋራዡ ተመልሼ መብራት ሳበራ ግን ከጠፋው ንብረት ይልቅ ያስገረመኝ ጓጉንቸሩ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት «ይህን ማንም አይሰብረውም» ተብዬ በውድ ዋጋ የገዛሁት ጓጉንቸር፣ አንዳች ጭረት ሳይነካው፣ እንደተቆለፈ በቦታው ተንጠልጥሏል።

በሩ አባቴ ቤቱን በ1960ዎቹ ሲያሠራ ያስገጠመው፣ ከጽድ ሳንቃ የተሠራ ባለ ሁለት ተካፋች በር ነው። ወደ ውጭ የሚከፈት በመሆኑ ማጠፊያዎቹ ከነብሎናቸው በመንገዱ በኩል ይታያሉ። የግራው ተካፋች ከላይና ከታች በመቀርቀሪያ ይያዛል፤ የቀኙ ደግሞ መሐል ላይ በጓጉንቸር ከግራው ጋር ይያያዛል። ሌቦቹ ጓጉንቸሩን ቀና ብለው ያዩትም አልመሰለኝም። የቀኙን ተካፋች የላይኛውን ማጠፊያ ብሎኖች በካቻቢቴ አንድ በአንድ ፈትተው መሬት ላይ ጥለዋቸዋል፤ ዝናብ ሲረጨው የኖረውንና ውስጡ የበሰበሰውን የታችኛውን ደግሞ በድጅኖ ፈንቅለው ከነእንጨቱ አንሥተውታል። ከዚያ በኋላ በሩን በማጠፊያው በኩል ሲስቡት ጓጉንቸሩ ራሱ እንደ ማጠፊያ ሆኖ አገለገላቸው፤ በሩም በተቃራኒው ወገን ወለል ብሎ ተከፈተ። ድጅኖው የራሴ መሆኑን መናገር ያሳፍረኛል። ከሁለት ቀን በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ስቆፍርበት ውዬ ከአጥሩ ጋር አስደግፌው ነበር።

መኪናዋ ያልተወሰደችው በእኔ ጥንቃቄ አይደለም። የኋላዋን ትንሽ መስታወት ሰብረው የእጅ ፍሬኗን ካወረዱና ማርሿን ነጻ ካደረጉ በኋላ ሊገፏት ሲሞክሩ፣ መሪዋ ተቆልፎ ስለነበረ እንደቆመችበት ቀጥ ብላ ብቻ ሄደች፤ መንገዱ ደግሞ ከበራችን ትንሽ እንደወረደ ወደ ግራ ይታጠፋል። መታጠፊያው ጋ ከአጥሩ ጋር ስትጋጭ ድምፁን የሰማው ጥበቃ ፊሽካውን እየነፋ እስኪደርስ ድረስ የሚነቀለውን ነቅለው ሄዱ። ይህን በዝርዝር የምጽፈው፣ ከዚያ ወዲህ በሩን ለማጠናከር ያደረግሁት ነገር ሁሉ የመነጨው በዚያች ሌሊት የትኛው ነገር እንደተበገረና የትኛው እንዳልተበገረ በማየት በመሆኑ ነው። የመኪና ማስቀመጫቸው የእንጨት በር የሆነ ሰዎች፣ በተለይ በአሮጌ ቤቶች የሚኖሩ፣ ቢያንስ የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙ ይረዳቸው ይሆናል።

በማግሥቱ ያየኝ ሰው ሁሉ የሰጠኝ ምክር አንድ ነበር፤ «ጣለውና የላሜራ በር አስበይድ»። ብዙ አስቤበት አልተቀበልሁትም። አንደኛው ምክንያት የአባቴ በር መሆኑ ነው፤ ይህ ለሌላው ሰው ምክንያት ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ለማንም ይሠራል፤ በሩ የተሸነፈው እንጨት ስለሆነ አልነበረም። ሳንቃው አልተሰበረም፤ የተሸነፈው ብረቱ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው። የላሜራ በርም ቢሆን ማጠፊያው በውጭ በኩል በስሱ ከተበየደና መቃኑ ከግንቡ ጋር በሁለት ምስማር ብቻ ከተያዘ፣ በዚያው ድጅኖ የሚነሣ ነው። ስለዚህ ገንዘቤን በር ለመለወጥ ሳይሆን በሩ የተያዘባቸውን ነጥቦች ለመለወጥ ላውለው ወሰንሁ።

ሥራው የተጀመረው እንጨቱን በመመርመር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ለረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ መጥተው፣ በቀጭን መሮ ጫፍ በሩን ከታች ጀምረው ወደ ላይ በየጣቱ ርቀት ወጋ ወጋ አደረጉት። መሮው በጤነኛ እንጨት ላይ ጫፉ ብቻ ይገባል፤ በበሰበሰው ላይ ግን ያለ ምንም ጉልበት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል። በእኔ በር ላይ ጉዳቱ ከመሬት እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለው ክፍል ነበር፤ የታችኛው ማጠፊያ የተመታውም እዚያው ላይ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ በር ከላይ ጽድ ነው፣ ከታች ግን ገለባ ነው» አሉኝ። ጽድ ምስጥን በደንብ የሚቋቋም እንጨት ቢሆንም፣ ዓመት እስከ ዓመት ከጭቃ ጋር ሲነካካ መበስበሱ አይቀርም። ዝግባ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ያልቅ ነበር፤ ባህር ዛፍ ደግሞ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የበሰበሰውን ቆርጠው በምትኩ የደረቀ ዋንዛ ቀጠሉበት፤ በሩ መሬት እንዳይነካም ከሥሩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተውንለት። ከደጃፉ በውጭ በኩል ውሃውን ወደ መንገዱ የሚያወርድ ተዳፋት ኮንክሪት አፈሰስን። ብዙ ሰው ምስጥ ይከላከላል ብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ እኔም ለዓመታት ስቀባ ኖሬአለሁ። ችግሩ ዘይት በጠጣ እንጨት ላይ ቀለምም ቫርኒሽም የማይዝ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዝናቡን የሚመልስለት ልብስ ሳይኖረው ይቀራል።

ቀጥሎ ወደ ማጠፊያዎቹ መጣን፤ ብዙውን ጊዜና ሐሳብ የወሰደውም ይህ ነው። አሮጌዎቹ ማጠፊያዎች የተያዙት አራት ሳንቲ ሜትር በሚሆኑ የእንጨት ብሎኖች ነበር፤ እንዲህ ያለው ብሎን የሚይዘው ጥርሱ የነከሰውን እንጨት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ድጅኖ ሲገባበት እንጨቱን ይዞ ይወጣል። ራሱ በውጭ በኩል ከታየ ደግሞ ድጅኖም አያስፈልግም፤ ካቻቢቴ ይበቃል። በምትካቸው እያንዳንዳቸው ስልሳ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የጠፍጣፋ ብረት ማጠፊያዎች አሠራሁ፤ እነዚህንም በሩን ከውጭ እስከ ውስጥ ዘልቀው በሚያልፉ 10 ሚሊ ሜትር ብሎኖች አሳሰርኋቸው። የብሎኑ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። የገዛሁት ራሱ እንደ እንጉዳይ ክብ የሆነ፣ ካቻቢቴም ሆነ ቁልፍ የሚይዝበት ቦታ የሌለው፣ ከራሱ ሥር ደግሞ አራት ማዕዘን አንገት ያለው ነው። ለዚህ አንገት የማጠፊያው ቀዳዳ አራት ማዕዘን ተደርጎ መሞረድ አለበት፤ አንገቱ እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ብሎኑን ከውጭ ማዞር አይቻልም። በውስጥ በኩል ዳዶው በቀጥታ እንጨቱ ላይ እንዲያርፍ አላደረግሁም፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የማጠፊያውን ያህል ርዝመት ያለው ላሜራ ከጀርባ አስገብቼ ብሎኖቹ ሁሉ በእርሱ ውስጥ እንዲያልፉ አደረግሁ። ሮንዴላ ብቻ ቢሆን በኃይል ሲሳብ እንጨቱን በስቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ረጅም ላሜራ ግን ጉልበቱን በሰፊው ያከፋፍለዋል። ዳዶዎቹ ከጠበቁ በኋላ የብሎኖቹን ጫፍ በመዶሻ ቀጠቀጥናቸው። ለዚህ ሁሉ ብረት ያወጣሁት ገንዘብ፣ ምንም ሳይፈይድ ተንጠልጥሎ ላደረው ጓጉንቸር ከከፈልሁት ያነሰ መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ማጠፊያው ጠንክሮም ቢሆን መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ወደ ላይ ተመትቶ የሚወጣ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። የእኔዎቹን ዘንጎች ላይና ታች በብየዳ አስደፈንኋቸው። እዚህ ላይ የሆነብኝን ልንገራችሁ። በያጁ ወጣት ልጅ ስለሆነ ቸኩሎ፣ ማጠፊያው በሩ ላይ እንደታሰረ መበየድ ጀመረ፤ እኔ ከውስጥ ጭስ ሸትቶኝ ስወጣ ሳንቃው መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ከስሏል። ብየዳ ያለበትን ሥራ ሁሉ ማጠፊያው ከእንጨቱ ሳይገናኝ አስቀድሞ ማስጨረስ ይገባል። ያ የከሰለ ቦታ ተፍቆ ቀለም ቢቀባም ዛሬም ጎድጎድ እንዳለ ይታያል።

ከማጠፊያው ጋር ተያይዞ አናጢው የነገሩኝ፣ ዋጋው ከምንም የማይቆጠር ነገር ግን ከሁሉ የወደድሁት መላ አለ። በየተካፋቹ የማጠፊያ ጠርዝ ላይ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ከ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ የተቆረጡ ሁለት ሁለት ምላሶች ተተከሉ፤ ከጠርዙ ወደ ውጭ የሚታዩት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በመቃኑ ላይ ደግሞ በትይዩ ቀዳዳ ተበሳላቸው። በሩ ሲዘጋ ምላሶቹ መቃኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ማጠፊያዎቹ ተቆርጠው ቢወድቁ እንኳ በሩ በዚያ በኩል አይነቀልም። እነዚህ አራት አጫጭር ብረቶች ቀድሞ ተተክለው ቢሆን ኖሮ ያች ሌሊት በሌላ መልክ ታልፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መቃኑን ስንመረምር ግንቡን የያዘው በአምስት ምስማርና በግንቡ ውስጥ በተሸጎጠ የእንጨት ሽብልቅ መሆኑን አየን፤ በሁለት እጅ ይዤ ስወዘውዘው ይነቃነቅ ነበር። ግንቡ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ በመሆኑ ሠራተኛው ሊያስገባ ያሰበው ፊሸር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው ማስገቢያ) አይይዝም፤ ፊሸር የሚይዘው ኮንክሪት ወይም ጠንካራ ብሎኬት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ መቃኑን አልፎ ግንቡ ውስጥ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚገባ ቀዳዳ በየጎኑ አራት አራት ቦታ አስበሳን፤ አቧራውን አውጥተን በውሃ አርጥበን፣ በሲሚንቶ ሙላት ጫፉ ጥርስ የወጣለት 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ቀበርን። ለአንድ ሳምንት ውሃ እያጠጣን ካቆየነው በኋላ ብቻ ዳዶውን አጠበቅነው። በዚያ ሳምንት መኪናዋን እህቴ ግቢ አሳደርኋት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ላይ ደርሻለሁ። የእንጨት በር በክረምትና በበጋ አንድ ዓይነት በር አይደለም። በነሐሴ ሁለቱ ተካፋቾች የሚገናኙበት ክፍተት ወረቀት አያሳልፍም፤ በየካቲት ግን ስለካው 9 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ክረምት ላይ በሩ ሲያብጥ የታችኛው መቀርቀሪያ ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም፤ ባለቤቱም ሁለት ሦስት ቀን ከታገለ በኋላ «በቃ የላይኛው ይበቃል» ብሎ ይተወዋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ሌቦቹ የመጡትም መቀርቀሪያው ባልገባበት ወቅት ነው። አናጢ ጠርቶ በሩን በክረምት ማስላግም መፍትሔ አይደለም፤ በበጋ ሲሟሽሽ ድጅኖ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። የተሻለው መላ መቀርቀሪያው የሚገባበትን ቀዳዳ በሩ በሚለጠጥበት አቅጣጫ ሞላላ ማድረግ፣ በመሐል ያለውን ክፍተት ደግሞ በአንደኛው ተካፋች ላይ በውጭ በኩል በታሰረ ጠፍጣፋ ብረት መሸፈን ነው። የታችኛው መቀርቀሪያ የሚገባበትን ጉድጓድ አሥር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የብረት ቱቦ አሠርቼ ኮንክሪት ውስጥ ቀበርሁት። ጉድጓዱ በጭቃና በቅጠል እየተሞላ ስለሚሄድ፣ መቀርቀሪያው የገባ መስሎ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ ቆሞ ሊያድር ይችላል፤ በየሁለት ሳምንቱ በማንኪያ እጠርገዋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ የምተማመንበት ግን አያቶቻችን የሚያውቁት መወርወሪያ ነው። የእነርሱ ከወይራ ነበር፤ የእኔ ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ነው። በውስጥ በኩል ሁለቱን ተካፋቾች አቋርጦ፣ ጫፍና ጫፉ መቃኑ ላይ በታሰሩ ሁለት የብረት መንጠቆዎች ውስጥ ይቀመጣል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ መወርወሪያው ከተካፋቾቹ ጋርም መያያዝ አለበት፤ አለበለዚያ በሩ ወደ ውጭ ሲሳብ መወርወሪያው ባዶውን ይቀራል። እኔ በየተካፋቹ መሐል ላይ ቱቦላሬው የሚያልፍበት ቀለበት አሳስሬአለሁ። በውጭ በኩል የሚታይም የሚነካም ነገር የለም። እርግጥ ይህን ማድረግ የሚችለው ጋራዡ ወደ ግቢ የሚያስወጣ ሌላ በር ያለው ሰው ነው፤ የሌለው ሰው ከውጭ በሚቆለፍ ነገር ላይ መተማመኑ ግድ ነው።

ስለ ጓጉንቸሩ የምለው አጭር ነው። ቀለበቱ ረጅም ሆኖ የሚንጠለጠል ጓጉንቸር፣ በየግንባታው ቦታ በሚገኘው የፌሮ መቁረጫ በአንድ ጊዜ ይበጠሳል፤ ቀለበቱ አጭርና ወፍራም ሆኖ መቁረጫው የሚገባበት ክፍተት የሌለው ይሻላል። ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት የብረት ጆሮ ደግሞ ሲታጠፍ የራሱን ብሎኖች የሚሸፍን፣ ብሎኖቹም እንደ ማጠፊያው ዘልቀው በጀርባ ላሜራ የታሰሩ መሆን አለባቸው። ይህ ካልሆነ ጓጉንቸሩ ወርቅም ቢሆን ዋጋ የለውም። ለአሮጌው ጓጉንቸሬ ይህን ሁሉ ካደረግሁለት በኋላ መልሼ እርሱኑ ተጠቅሜበታለሁ።

ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ እንዳይነቀሉ በጀርባቸው ሦስት አግድም ጠፍጣፋ ብረት አሳልፌ እያንዳንዱን ሳንቃ በአንድ አንድ ብሎን አሳስሬአለሁ። ከላይ ለአየር ተብሎ የተተወው ክፍተት እንዲደፈን አልፈለግሁም፤ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስለሚነሣ አየር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከውጭ መኪና መኖር አለመኖሩ እንዳይታይ ዘንበል ያሉ ጣውላዎች አስገባሁበት።

በሩ ይህን ሁሉ ከሆነ በኋላም ቢሆን መኪናዋን ብቻዋን አላስቀምጣትም። ዲኤክስ አሮጌ መኪና ናት፤ የመነሻ ቁልፏ ማስገቢያ በዕድሜ ብዛት ስለሚላላ በሌላ ቁልፍም ልትነሣ ትችላለች። ማታ ማታ ኮፈኗን ከፍቼ ከዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ሮተሯን አወጣና ኪሴ እከታታለሁ። ያለ እርሷ የኤሌክትሪኩ ብልጭታ ወደ ካንዴላዎቹ ስለማይደርስ፣ ሞተሩ ቢዞርም አይነሣም። ክዳኑን በሁለት ማያዣ መክፈትና መዝጋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ይህ አይሠራም፤ ለእነርሱ የነዳጅ ፓምፑን መስመር የሚያቋርጥ ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ በታመነ ኤሌክትሪሺያን ማስገጠም ይቻላል። ሁለተኛው ልማዴ ያች ሌሊት ያስተማረችኝ ነው፤ ሳቆማት መሪዋን እስከ መጨረሻው አዙሬ እቆልፋታለሁ። እንዲህ ከሆነች በመጀመሪያው ግፊት ወደ ጋራዡ ግድግዳ ትሄዳለች እንጂ በበሩ አትወጣም። ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውን፣ ድጅኖውንና መሰላሉን ሁሉ ቤት ውስጥ ቁልፍ ባለው ክፍል አሳድራለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ መጀመሪያ የተጠየቅሁት የሻንሲና የሞተር ቁጥር ነበር፤ ሁለቱም የተጻፉበት ሊብሬ ግን ክሩስኮቶው ውስጥ ነበር። መኪናዋ ጨርሳ ተወስዳ ቢሆን ኖሮ ከታርጋዋ በቀር የምናገረው አልነበረኝም። አሁን ሊብሬው ቤት ይቀመጣል፤ ቅጂው ብቻ መኪናው ውስጥ አለ፤ የቁጥሮቹም ፎቶግራፍ በእኔና በእህቴ ስልክ ላይ ይገኛል። በዚያው ሰሞን ስለ ኢንሹራንስም የነበረኝ ግንዛቤ የተሳሳተ መሆኑን አወቅሁ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ሁሉም ባለ ተሽከርካሪ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን በሌሎች ላይ የሚደርስን ጉዳት የሚመለከት ነው፤ ለተሰረቀ መኪና የሚከፍለው የለም። ለስርቆት ዋስትና የሚፈልግ ሰው ለብቻው መግባት አለበት፤ ውሉ የተነቀሉ ዕቃዎችን ይጨምር እንደሆነም ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ይኖርበታል። ስፖኪዮዎቹን በመጨረሻ ከመለዋወጫ ተራ ገዝቼ ገጠምሁ፤ አንዱ ላይ የኔው የሚመስል ጭረት ነበረበት፤ ሻጩን አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ጠዋት በሩን ስከፍት ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ዋንዛው ሁለት ቦታ ላይ ተፈግፍጎ፣ የማጠፊያው ጠርዝም በትንሹ ቀና ብሎ አገኘሁት። አንድ ሰው ብረት አስገብቶ ሞክሯል። ብሎኖቹ አልተነቃነቁም፤ ምላሶቹም በመቃኑ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። የተፈገፈገውን ቦታ አናጢው በስስ ላሜራ ሸፈኑልኝ። ከዚያም ወደ ግቢ የሚያስወጣውን ትንሹን በር በመሯቸው ወጋ ወጋ አድርገው፣ «ጋሼ፣ ቀጣዩ ደግሞ ይኼ ነው» አሉ፤ ማጠፊያዎቹ አሁንም በእንጨት ብሎን የተያዙ ናቸው። እንጨቱ ደርቆ ትክክለኛ ልኩን ሲይዝ፣ ኅዳር ላይ ልንጀምረው ተቀጣጥረናል።